ሥዕሉን በተሠራለት ቦታ፦ የማልታ ሙዚየሞችና ጋለሪዎች ጉብኝት መመሪያ

ከሲሲሊ በስተደቡብ ያለችው ማልታ በቆዳ ስፋቷ ከአዲስ አበባ እንኳ ታንሳለች። ለእረፍት የሚሄድባት ሰው ብዙውን ጊዜ ባሕሯንና ፀሐይዋን ብሎ ነው። ሥነ ጥበብ ለሚወድ መንገደኛ ግን ሌላ አገር በቀላሉ የማያገኘው ነገር አላት፤ ከታላላቆቹ ሥራዎቿ ብዙዎቹ ዛሬም በተሠሩለት ክፍል ውስጥ ናቸው። በትልልቆቹ የአውሮፓ ሙዚየሞች የምናየው ሃይማኖታዊ ሥዕል አብዛኛው ከአንድ መሠዊያ ወይም ቤተ ጸሎት ወርዶ የመጣ ነው። ፊቱ ማን ይቆም እንደነበር፣ ብርሃኑ በየት በኩል ይገባ እንደነበር፣ ምን ይጸለይበት እንደነበር ከጎኑ ከተለጠፈች ካርድ ላይ እናነባለን እንጂ አናየውም። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ፣ ከጣሪያው ላይ ቁልቁል የሚመለከቱትን የመላእክት ፊቶች ቀና ብሎ ያየ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል።

ስለዚህ ምክሬ በአንድ ቅደም ተከተል ላይ የቆመ ነው። መጀመሪያ ከቦታቸው ያልተነቀሉትን ሥራዎች ይዩ፤ ወደ ሙዚየም የገቡትን ከዚያ በኋላ። ብዙ ጎብኚ የሚያደርገው ግልባጩን ነው። ሁለት ሦስት ሙዚየም ዞሮ፣ እግሩ ከዛለና ዓይኑ ከጠገበ በኋላ ዋናው ቦታ ላይ ይደርሳል።

ከመነሣትዎ በፊት

ማልታ የሸንገን አባል ናት፤ መገበያያዋም ዩሮ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚነሣ ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ጣሊያን፣ ጀርመን ወይም ስዊድን የሚኖርና የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ፈቃዱንና ፓስፖርቱን ይዞ ያለ ሌላ ቪዛ መግባት ይችላል። የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድ ግን እዚህ አይሠራም። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቅም፤ የመግቢያ ደንብ የሚሻሻል ነገር ስለሆነ ግን ከጉዞዎ በፊት ማረጋገጥ ደግ ነው።

ወቅቱን በጥንቃቄ ይምረጡ። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ይበረታል፤ የዋና ከተማዋ የቫሌታ መንገዶች ደግሞ ዳገትና ደረጃ የበዛባቸው ናቸው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ በእግር መዞር ይቀላል፣ ሰውም ይቀንሳል። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 10 ቀን የቅዱስ ጳውሎስ መርከብ የተሰበረበት መታሰቢያ በቫሌታ በድምቀት ይከበራል። በዓሉን ማየት መልካም ነው፤ ሆኖም የሕዝብ በዓል ስለሆነ በዚያ ቀን የተዘጋ በር እንዳያጋጥምዎ ጉብኝቱን ለሌላ ቀን ያድርጉት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የአውሮፕላን ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት የሃል ሳፍሊየኒ ሃይፖጂየምን ቀን ይያዙ። ይህ ከመሬት በታች ከአለት የተፈለፈለ የጥንት የመቃብር ቦታ በቀን ከ80 ሰው በላይ አያስተናግድም። ጎብኚዎቹ አሥር አሥር እየሆኑ ነው የሚገቡት። ምክንያቱ ትንፋሻችን ነው፤ እርጥበቱና የተቃጠለው አየር በዋሻው ግድግዳ ላይ ያለውን ቀይ ቀለም ይጎዳል። ቲኬቱ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሲሆን በጉብኝት ወራት ከሳምንታት በፊት ያልቃል። ያመለጠው ሰው ለማግሥቱ ጉብኝት የሚሸጡትን ጥቂት ቲኬቶች ቫሌታ ጫፍ ላይ ባለው የቅዱስ ኤልሞ ምሽግ በአካል ተገኝቶ መሞከር ይችላል፤ ዋጋቸው ግን ከመደበኛው ይበልጣል። ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት አይገቡም፤ ቤተሰብ ይዘው የሚጓዙ ከሆነ ይህን አስቀድመው ያስቡበት።

አብዛኞቹን የመንግሥት ሙዚየሞች የሚያስተዳድረው ሄሪቴጅ ማልታ የሚባለው ድርጅት ነው። ለብዙ ቦታዎች በአንድ ጊዜ የሚያገለግል የ30 ቀን የመግቢያ ካርድ ይሸጣል። ከሦስት ቦታ በላይ ለመግባት ካሰቡ ያዋጣዎታል። ካርዱ ግን ሃይፖጂየሙን አይጨምርም፤ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያንም የራሱ ቲኬት አለው።

አንድ ዝግጅት ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6ንና የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28ን ያንብቡ። የመጀመሪያው የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት የተቆረጠበት ታሪክ ነው። በሁለተኛው ውስጥ መላጥያ የተባለችው፣ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣባት ደሴት ደግሞ ራሷ ማልታ ናት። በደሴቲቱ አብያተ ክርስቲያናት ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች የተቀዳ ብዙ ሥዕል ያገኛሉ።

ቅዱስ ዮሐንስ፦ ሙሉ ጠዋት ይስጡት

የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች ማኅበር ማልታ የገባው በ1530 ነው። በ1565 የኦቶማን ጦር ደሴቲቱን ለወራት ከቦ ተመለሰ፤ በማግሥቱ ዓመት ቫሌታ ተቆረቆረች። በዚያች ከተማ ማኅበሩ ለራሱ ያሠራው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲያዩት እንደ ምሽግ ደረቅ ያለ የድንጋይ ሕንፃ ነው። ውስጡ ሌላ ዓለም ነው።

እሑድና በበዓላት ቀን ለጎብኚ ዝግ ስለሆነ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ባለው ጊዜ በማለዳ ይሂዱ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ። ቀጭን ተረከዝ ያለው ጫማ አይፈቀድም፤ ለምን እንደሆነ ገብተው ወለሉን ሲያዩ ይገባዎታል። የድምፅ ማስጎብኛ መሣሪያው ከቲኬቱ ጋር ይሰጣል። ትንሽ የርቀት መነጽር ካለዎት ይያዙ፤ በዚህ ቤት ብዙ ይጠቅማል።

ሁሉም ሰው ወደ ሠዓሊው ወደ ካራቫጆ ሥዕል ሲጣደፍ እርስዎ አይከተሉ። መጀመሪያ ወደ ታች ይመልከቱ። ወለሉ ከ400 በማያንሱ ባለ ቀለም የእብነ በረድ የመቃብር ድንጋዮች የተነጠፈ ነው። ከሥራቸው የማኅበሩ ባላባቶች ተቀብረዋል። በየድንጋዩ ላይ የቤተሰብ ዓርማ፣ መለከት የሚነፉ መላእክትና ማጭድ የያዘ አፅም ተሥሏል። ቀጥለው ቀና ይበሉ። ጣሪያውን ከ1661 እስከ 1666 የሣለው ማቲያ ፕሬቲ ነው። በሸራ ላይ ሳይሆን በዘይት ቀለም በቀጥታ በድንጋዩ ላይ ሣለው፤ ታሪኩም ከመጥምቁ ዮሐንስ ልደት እስከ ሞቱ ያለው ነው። በመስኮቶቹ አጠገብ የተቀመጡትን ቅዱሳን በመነጽር ይመርምሩ። ከሩቅ የተቀረፁ ሐውልቶች ይመስላሉ፤ ሲያቀርቧቸው ቀለም ብቻ ናቸው። በግድግዳው ላይ ያለው በወርቅ የተለበጠ ቅርፅ ደግሞ በተቃራኒው ከራሱ ከሕንፃው ድንጋይ የተፈለፈለ ነው። ፕሬቲ የካላብሪያ ሰው ሲሆን የቀረ ዕድሜውን በማልታ ኖሮ በ1699 ሞተ፤ መቃብሩም በዚያው በሣለው ጣሪያ ሥር ነው።

አሁን በስተቀኝ ወዳለው ኦራቶሪዮ ወደሚባለው የጸሎት አዳራሽ ይግቡ። ወጣት ፈረሰኞች የሚሠለጥኑት በዚህ ክፍል ነበር፤ የማኅበሩ የወንጀል ችሎትም እዚህ ይቀመጥ ነበር። ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ የካራቫጆ «የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት መቆረጥ» አለ። የተሣለው በ1608 ነው። ቁመቱ ሦስት ሜትር ከስድሳ፣ ወርዱ አምስት ሜትር ከሃያ ገደማ ነው። ሠዓሊው ከሣላቸው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ስሙን የፈረመበትም ብቸኛው ሥዕል ይኸው ነው።

መጀመሪያ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ይቁሙ። ከዚያ ርቀት የሚታየው ባዶው ነው። የሸራው ግማሽ ያህል የወህኒ ቤት ግድግዳና ጨለማ ብቻ ነው። ሰዎቹ በሙሉ በግራ በኩል ታችኛው ጥግ ተሰብስበዋል። በቀኝ በኩል ሁለት እስረኞች በመስኮት ፍርግርግ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ፤ ልክ እርስዎ እንደሚያዩት።

ከዚያ ቀስ ብለው ይጠጉ። ዮሐንስ እጁ ወደ ኋላ ታስሮ በደረቱ ተደፍቷል፤ ቀይ ልብስ በላዩ ጣል ተደርጓል። ሰይፉ ሥራውን አልጨረሰም፤ ገዳዩ በአንድ እጁ የቅዱሱን ፀጉር ይዞ በሌላው እጁ ከጀርባው ትንሽ ቢላዋ እየመዘዘ ነው። ቁልፍ በወገቡ ያንጠለጠለው የወህኒ አዛዥ ወደ ሳህኑ በጣቱ ያመለክታል። ሳህኑን የያዘችው ወጣት ጎንበስ ብላ ትጠብቃለች። በዚህ ሁሉ መካከል የደነገጠች አንዲት አሮጊት ብቻ ናት፤ ራሷን በሁለት እጇ ይዛለች። ሌሎቹ የዕለት ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ይህ ሥዕል የሚያስፈራው በዚህ ይመስለኛል። የሚጮህ ሰው የለም፣ የሚቆጣ ሰው የለም፤ ትእዛዝ እየተፈጸመ ነው።

ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለው። በእኛ ዘንድ የመጥምቁ አንገት የተቆረጠበት መታሰቢያ በመስከረም 2 ይውላል፤ የዘመን መለወጫችንም በስሙ ቅዱስ ዮሐንስ ይባላል። በእኛ ትውፊት የተቆረጠው ራስ ክንፍ አውጥቶ እየበረረ ለዓመታት አስተምሯል፤ ሠዓሊዎቻችንም ባለ ክንፉን ራስ ይሥሉታል። ካራቫጆ ዘንድ ክንፍ የለም፣ ከሰማይ የወረደ መልአክ የለም። ታሪኩን ከዚያ በፊት፣ ተስፋ ገና ባልታየበት ቅጽበት ላይ አቁሞታል። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀውን ታሪክ በሌላ እጅ እንዲህ ተይዞ ሲያዩት፣ ያንን ሥዕል የሣለው ሰው ምን እንደመረጠና ምን እንደተወ ያለ አስጎብኚ ይገባዎታል።

በመጨረሻ ከዮሐንስ አንገት ሥር ያለውን ደም በመነጽርዎ ይፈልጉ። ከደሙ የተጻፉ ፊደላት አሉ፤ የሠዓሊው ስም ነው። ካራቫጆ በ1606 ሮም ላይ ሰው ገድሎ የሸሸ ሰው ነበር። ማልታ የገባው በ1607 ሲሆን በማግሥቱ ዓመት በሐምሌ ፈረሰኛ ሆኖ ተሾመ። ወራት ሳይቆይ በጠብ ታሰረ፤ ከእስር ቤቱ አምልጦ ወደ ሲሲሊ ሸሸ። በ1608 ዲሴምበር 1 ቀን ማኅበሩ በሌለበት ፈርዶ ከአባልነት ሰረዘው። ፍርዱ የተነበበው በዚሁ አዳራሽ፣ በዚሁ ሥዕል ፊት ነበር። ሸራው ወደ ሌላ አገር ሙዚየም ቢወሰድ ኖሮ ይህን ሁሉ በምናባችን መገንባት ነበረብን፤ እዚህ ግን ቆመን የምናይበት ወለል ራሱ የታሪኩ ክፍል ነው።

በዚያው ቤት ሌላ የካራቫጆ ሥዕል አለ፤ «በመጻፍ ላይ ያለ ቅዱስ ጀሮም»። በ1984 ሌቦች ከፍሬሙ ቆርጠው ወስደውት ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ተገኝቶና ታድሶ ተመልሷል። የአስጎብኚ ቡድኖች ሲገቡ አዳራሹ ይጨናነቃል፤ ዳር ይዘው ይታገሱ፣ ቡድኑ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል።

ከሰዓት በኋላ፦ ሁለቱ የቫሌታ ሙዚየሞች

ምሳ በልተው ካረፉ በኋላ ወደ ሙዛ ይሂዱ። በ2018 የተከፈተው ይህ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የጣሊያን ፈረሰኞች ማረፊያ በነበረው ሕንፃ ውስጥ ነው። እዚህ ሁሉን ልይ አይበሉ። ጠዋት ጣሪያ ላይ ያዩትን ፕሬቲ እዚህ በዓይንዎ ትክክል በሸራ ላይ ያገኙታል፤ እጁን በቅርብ ለማጥናት ይመቻል። ቀጥለው የማልታዊውን ቀራፂ የአንቶኒዮ ሾርቲኖን የነሐስ ሥራዎች ይፈልጉ። «ጋቭሮሽ» የተባሉት ሦስት የሚሮጡ ልጆች ቅርፅ በ1904 የተሠራ ነው፤ ቅጂው ከሙዚየሙ ጥቂት እርምጃ በሚርቀው የላይኛው ባራካ የአትክልት ሥፍራ ቆሟል። እንግሊዛዊው ተርነር የማልታን ወደብ የሣለበትም የውኃ ቀለም ሥዕል አለ፤ ሠዓሊው ማልታን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ከሙዚየሙ ወጥተው ባራካ ላይ ሆነው ወደቡን ሲያዩ ማወዳደር ይችላሉ።

የአርኪዮሎጂ ሙዚየሙ በሪፐብሊክ ጎዳና ላይ ነው። እሱን ግን፣ የቲኬትዎ ቀን ከፈቀደልዎ፣ ከሃይፖጂየሙ በኋላ ቢያደርጉት ይሻላል።

ፓኦላ፦ ከመሬት በታች

ከቫሌታ በር ውጭ ካለው የአውቶቡስ ማዞሪያ ተነሥተው ወደ ፓኦላ ይሂዱ። የአውቶቡስ ቲኬት ለሁለት ሰዓት ያገለግላል፤ በዚያ ውስጥ መቀያየር ይችላሉ። ሃይፖጂየሙ በተራ የመኖሪያ ቤቶች መካከል ስለሆነ በሩ ላይ ቆመው እንኳ ሊያልፉት ይችላሉ። ከሰዓትዎ ቀደም ብለው ይድረሱ፤ ያመለጠ ተራ አይመለስም። ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ነው።

ቦታው በ1902 ቤት የሚሠሩ ግንበኞች የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ተገኘ። ክፍሎቹ በሦስት ደርብ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ የተፈለፈሉት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4000 እስከ 2500 ባለው ዘመን ነው። ላሊበላን ያየ አንባቢ አንድ ነገር ወዲያው ያስተውላል። ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለው ጣሪያ በድንጋይ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ የተሠራ እንዲመስል ተደርጓል። ፈልፋዮቹ ከመሬት በላይ የነበረውን ሕንፃ ከመሬት በታች ቀድተውታል። በአንዱ ክፍል ጣሪያ ላይ ያሉት በቀይ አፈር የተቀቡ ጥምዝምዝ መስመሮች እንዳያመልጡዎ።

ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬደው መንገድ ወደ ታርሽየን ቤተ መቅደሶች ይለፉ። እዚህ የሚያዩት የተቀረፀ ድንጋይ አብዛኛው ቅጂ ነው፤ ኦሪጅናሉ ከፀሐይና ከዝናብ እንዲጠበቅ ወደ አርኪዮሎጂ ሙዚየሙ ተወስዷል። ስለዚህ ወደ ቫሌታ ተመልሰው ወደ ሙዚየሙ ሲገቡ እዚህ ቅጂያቸውን ያዩዋቸውን ሥራዎች ራሳቸውን ያገኛሉ። ከሁሉም በላይ «የተኛችው ሴት»ን ይፈልጉ። አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት የሸክላ ቅርፅ ናት፤ በጎኗ ተጋድማ፣ እጇን ከራሷ ሥር አድርጋ አልጋ ላይ ተኝታለች። የተገኘችው ከሃይፖጂየሙ ውስጥ ነው። ክፍሉ ጠበብ ያለና ብርሃኑ ደብዛዛ ነው፤ በጎን ዞረው ከኋላዋም ይመልከቷት። ቀሚሷ ታችኛው ጫፍ ላይ ያለው ጥልፍ ሳይቀር ተሠርቷል።

ምዲናና ራባት

ግማሽ ቀን ይበቃቸዋል። የምዲና ካቴድራል በ1693 የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሶ እንደገና ተሠርቷል፤ ከአደጋው የተረፈው የመሠዊያው ጀርባ ላይ ፕሬቲ የሣለው የጳውሎስ መርከብ ስብራት አሁንም እዚያው ነው። ከጎኑ ባለው ሙዚየም የሠዓሊው የአልብረሽት ዱረር የእንጨት ሕትመቶች ስብስብ አለ። በራባት የቅዱስ ጳውሎስ ካታኮምብ የጥንት ክርስቲያኖች የቀብር ዋሻ ነው፤ ለሙታን መታሰቢያ ማዕድ ይቀርብበት የነበረው ከአለቱ የተፈለፈለ ክብ ገበታ ዛሬም በቦታው አለ። ተዝካር ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የዛሬዎቹ ሠዓሊዎች

ማልታን የድሮ ነገር ብቻ አድርጎ መመለስ ጉድለት ነው። በአርክቴክቱ በሬንዞ ፒያኖ የተነደፈውን የቫሌታ በር ሲያልፉ በስተቀኝ የቅዱስ ያዕቆብ ምሽግ አለ፤ ስፓትስዩ ክሬያቲቭ የተባለው የባህል ማዕከል በውስጡ የዘመኑን ሥዕል፣ ፊልምና ቴአትር ያሳያል። ከከተማው በር ወጣ ብሎ በፍሎሪያና ደግሞ ሚካስ የተባለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል በ2024 ጥቅምት ወር ላይ በአሮጌ የምሽግ ግንብ ውስጥ ተከፍቷል።

የግል ጋለሪዎች ሲገቡ አይፈሩ። መግቢያ አያስከፍሉም፤ ገብቶ ሳይገዙ መውጣትም ነውር አይደለም። ሰላምታ ይስጡ፣ የዋጋ ዝርዝሩን ይጠይቁ፣ ሠዓሊው በከተማው እንዳለ ይጠይቁ። ኤግዚቢሽን የሚከፈትበት ምሽት ከሆነ ደግሞ ሠዓሊውን በአካል የማግኘት ዕድልዎ ሰፊ ነው። በማልታ እንግሊዝኛ ከማልታኛ ጋር የሥራ ቋንቋ ስለሆነ መግባባት አያስቸግርም። ሥዕል ከገዙ ደረሰኝ ያስጽፉ፤ በጉምሩክ ሲጠየቁ ያስፈልግዎታል።

ጎዞ

ጊዜ ካለዎት በሁለተኛዋ ደሴት በጎዞ የሚገኙትን የጅጋንቲያ ቤተ መቅደሶች ይዩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3600 ገደማ የቆሙ ናቸው፤ ከግብፅ ፒራሚዶች ይቀድማሉ። ከቺርኬዋ የሚነሣው ትልቁ ጀልባ በ25 ደቂቃ ገደማ ያሻግራል፤ ክፍያው ሲመለሱ ነው። ከቫሌታ በቀጥታ የሚሄድ ፈጣን ጀልባም አለ።

ቀንዎ ካነሰ እንዲህ ይቁረጡ። አንድ ቀን ብቻ ካለዎት ጠዋት ቅዱስ ዮሐንስ፣ ከሰዓት የአርኪዮሎጂ ሙዚየሙ ይበቃል፤ ሙዛን ይተዉት። ሁለት ቀን ካለዎት ሃይፖጂየሙንና ታርሽየንን ይጨምሩ። ሦስተኛው ቀን ለምዲናና ለራባት፣ አራተኛው ለጎዞ ነው። እሑድን ግን ከቅዱስ ዮሐንስ ያርቁት፤ ቅዳሜ ማታ ደርሶ ሰኞ ማለዳ የሚመለስ ሰው የካራቫጆን ሥዕል ሳያይ ነው የሚሄደው።